ርካሽ ራም ለዴስክቶፕ፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይቅር

ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ላይ ገንዘብ የሚባክነው ማሽኑ ሊጠቀምበት ለማይችለው ፍጥነት ሲከፈል ነው። ባለ ሽፋኑ፣ መብራት የሚያበራው፣ ማሸጊያው ላይ 3200 ወይም 3600 የሚል የፍጥነት ቁጥር በጉልህ የተጻፈበት ራም ዓይን ይስባል፤ አጠገቡ ያለው ሽፋን አልባ አረንጓዴ ሰሌዳ የተናቀ ይመስላል። ለአብዛኛው የቢሮና የቤት ዴስክቶፕ የሚሻለው ግን ያ አረንጓዴው ነው። እዚህ የምንመዝነው በቅናሽ ከሚገኙት ውስጥ ተራዎቹን የኪንግስተን ቫልዩራምና የክሩሻል ራሞች፣ ባለ ሽፋኖቹን ኮርሴር ቬንጀንስ ኤልፒኤክስና ኪንግስተን ፉሪ ቢስት፣ ከቢሮ ኮምፒውተር የተነቀሉ ያገለገሉ የሳምሰንግና የኤስኬ ሃይኒክስ ራሞች፣ በመጨረሻም ስም የለሾቹን ነው።

ከሁሉ በፊት ችግሩ በእርግጥ የራም ማነስ መሆኑን አረጋግጡ። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ «ፐርፎርማንስ» ከዚያም «ሜሞሪ» የሚለውን ተጫኑ። እንደወትሮው እየሠራችሁ፣ ብሮውዘሩም ሌላውም ተከፍቶ እያለ፣ በሥራ ላይ ያለው ራም ከ85 በመቶ በላይ ከሆነና «ኮሚትድ» የሚለው ቁጥር ከተገጠመው ራም ከበለጠ፣ ራም አንሷል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ እየተንቀረፈፈ ራሙ ግን ግማሽ ያህል ባዶ ከሆነ ተጨማሪ ራም ምንም አይፈይድም። እንዲህ ያለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ አሁንም በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ነው፤ ገንዘቡ ሃርድ ዲስኩን ለሚተካ ፈጣን ማከማቻ፣ ለኤስኤስዲ ይዋል። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነም ስንት ራም ብትጨምሩ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ መጀመሪያ ባለ 64 ቢቱ ይጫን።

እዚያው ገጽ ላይ ሌሎች ሦስት ጠቃሚ ነገሮች ተጽፈው ታገኛላችሁ፦ ራሙ አሁን የሚሠራበት ፍጥነት፣ ስንት መሰኪያ እንደተያዘ (ለምሳሌ ከ4ቱ 2)፣ እና ቅርጹ። ቅርጹ «ሶዲም» የሚል ከሆነ ዴስክቶፓችሁ የሚወስደው የላፕቶፕ ራም ነው። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒና ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ ያሉ ትናንሽ ማሽኖች እንዲህ ናቸው። «ዴስክቶፕ ነው» ብሎ ረጅሙን ራም ገዝቶ መመለስ በጣም የተለመደ ነገር ነው።

ትውልዱንም ማወቅ የግድ ነው። ዲዲአር3 240 ፒን (ከሥሩ ያሉ መገናኛ ጥርሶች) አለው፣ በ1.5 ቮልት ይሠራል። ዲዲአር4 288 ፒን አለው፣ በ1.2 ቮልት። ዲዲአር5ም 288 ፒን ነው፣ ግን በ1.1 ቮልት ይሠራል፤ ከሥሩ ያለው የጥርስ ክፍተትም ቦታው ስለሚለያይ በዲዲአር4 መሰኪያ አይገባም። አንዱ በሌላው ቦታ አይተካም፤ በኃይል ቢጫን የሚሰበረው ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ነው። ዲዲአር3ኤል የሚባለው በ1.35 ቮልት የሚሠራ ሲሆን በተለመደው የዲዲአር3 መሰኪያም ይሠራል። የተገላቢጦሹ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ስድስተኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር የተገጠመላቸውና የዲዲአር3 መሰኪያ ያላቸው ማዘርቦርዶች የሚጠይቁት ዝቅተኛውን ቮልቴጅ ስለሆነ ለእነሱ ባለ 1.5 ቮልቱን አትግዙ።

ተራው ራም ለምን ይሻላል

ጉዳዩ ያለው እያንዳንዱ ራም ላይ በምትገኝ ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። ራሙ ራሱን ለማዘርቦርዱ የሚያስተዋውቅበት መረጃ እዚያ ተጽፏል፤ ኤስፒዲ ይባላል። በውስጡ ሁለት ዓይነት ፍጥነት ሊሰፍር ይችላል። አንደኛው ጄዴክ የተባለው የደረጃ አውጪ አካል ያጸደቀው ነው፤ ማንኛውም ማዘርቦርድ ያለ ምንም ማስተካከያ በዚህ ያስነሳዋል። ሁለተኛው የራም ሻጩ ኩባንያ የጨመረው ከፍ ያለ ፍጥነት ሲሆን በኢንቴል በኩል ኤክስኤምፒ፣ በኤኤምዲ በኩል ለዲዲአር5 ኤክስፖ ይባላል። ይህኛው የሚሠራው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ቅንብር ፕሮግራም) ውስጥ ተገብቶ ሲበራ ብቻ ነው፤ ማዘርቦርዱም መፍቀድ አለበት።

ኮርሴር ቬንጀንስ ኤልፒኤክስ 3200 የሚለው ታዋቂ ጥንድ ማሸጊያው ላይ 3200 ይላል፤ ጄዴክ ፍጥነቱ ግን 2133 ነው። ኪንግስተን ፉሪ ቢስት 3200 ባለ ሲኤል16ቱ (ሲኤል ራሙ መልስ እስኪሰጥ የሚዘገይበት ቁጥር ነው) ደግሞ ያለ ኤክስኤምፒ በ2400 ይነሳል። ሁለቱም 3200 የሚደርሱት ኤክስኤምፒ በርቶ፣ ቮልቴጁም ወደ 1.35 ከፍ ብሎ ነው። አብዛኞቹ የዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ የኤችፒ ፕሮዴስክና የሌኖቮ ቲንክሴንተር ባዮሶች ይህ ማብሪያ የላቸውም። ስለዚህ 2666 መሥራት በሚችል ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ማሽን ላይ ቬንጀንስ 3200 ስትሰኩ ራሙ በ2133 ይቀመጣል፤ ከነበረው አሮጌ ራም እንኳ ሊያንስ ይችላል።

ተራው የኪንግስተን ቫልዩራም 3200 ወይም የክሩሻል 3200 ሲኤል22 ግን 3200ው ራሱ ጄዴክ ፍጥነቱ ነው፤ በ1.2 ቮልት ይሠራል። ከዚያ በታች ያሉትን 2933፣ 2666፣ 2400 እና 2133ንም ያውቃቸዋል። ፕሮሰሰሩ 2666 ከሆነ በ2666፣ 3200 ከሆነ በ3200 ምንም ሳትነኩት ይነሳል። አዲስ የዲዲአር4 ራም ለቢሮ ማሽን የሚገዛ ሁሉ መውሰድ ያለበት ይህንን ነው፤ በዚህ ላይ አንጠራጠርም።

«ሲኤል22 ዘገምተኛ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከፍጥነቱ ጋር መታየት አለበት። ሲኤሉን በ2000 አባዝታችሁ ለፍጥነቱ ስታካፍሉት መዘግየቱን በናኖሰከንድ ታገኛላችሁ። 3200 ሲኤል16 10 ናኖሰከንድ ይሆናል፤ 3200 ሲኤል22 13.75፤ በ2133 ሲኤል15 የተቀመጠ ራም ደግሞ 14.06። ኤክስኤምፒ ማብራት በማይችል ማሽን ላይ የሚፎካከሩት የኋለኞቹ ሁለት ስለሆኑ ተራው ራም በመዘግየትም በፍጥነትም ይቀድማል።

ኤልፒኤክስና ፉሪ ቢስት መጥፎ ናቸው ለማለት አይደለም። የኤኤምዲ ራይዘን ማሽን በራሱ ማዘርቦርድ የገጣጠመ ሰው፣ በተለይም ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ከ3200 ሲኤል16 ጥንድ ጥሩ ጥቅም ያገኛል። ሁለቱም ቁመታቸው 34 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ ከትልቅ ማቀዝቀዣ ሥር ይገባሉ፤ ባለ መብራቶቹ ግን ከዚህ ስለሚረዝሙ ከማቀዝቀዣው ማራገቢያ ጋር ይጋጫሉ። በኢንቴል በኩል ኤክስኤምፒ ቢኖርም ገደብ አለ። ቢ560 የተባለው ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና መቆጣጠሪያ ቺፕ) እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪመጣ ድረስ የቢ እና የኤች ተከታታይ ማዘርቦርዶች ከፕሮሰሰሩ መደበኛ ፍጥነት በላይ አይፈቅዱም ነበር፤ ያንን የሚችሉት የዜድ ተከታታዮቹ ብቻ ነበሩ። የስድስተኛው ትውልድ ጣሪያ 2133፣ የሰባተኛው 2400፣ የስምንተኛውና የዘጠነኛው ኮር አይ5 እና አይ7 2666 ነው። አሥረኛው ላይ አይ5 በ2666 ሲቀር አይ7 2933 ይደርሳል።

መለያ ወረቀቱን ማንበብ

የራሙ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የሚያነብ ገዢ በቀላሉ አይታለልም። አንድ የሳምሰንግ ራም ውሰዱና ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን መስመር ተመልከቱ፤ «1አርኤክስ8 ፒሲ4-2400ቲ-ዩኤ2-11» የሚል ሐረግ በላቲን ፊደል ሰፍሯል። ፒሲ4 ዲዲአር4 መሆኑን ይነግራል። 2400 ፍጥነቱ ነው። ከፍጥነቱ ኋላ ያለችው ፊደል የመዘግየት ደረጃው ናት፦ ፒ ከ2133 ጋር ሲኤል15፣ ቲ ከ2400 ጋር ሲኤል17፣ ቪ ከ2666 ጋር ሲኤል19፣ ድርብ ኤ ከ3200 ጋር ሲኤል22። ቀጥላ የምትመጣው ፊደል ከሁሉም ትበልጣለች። ዩ ከሆነች የተለመደው የዴስክቶፕ ራም ነው፤ ኤስ የላፕቶፕ፣ ኢ ስህተት አራሚ ያለው፣ አር ደግሞ የሰርቨር።

በሌላ መንገድ በሚጻፉ ወረቀቶች ላይ ከፒሲ4 በኋላ 25600 ወይም 21300 የሚል ትልቅ ቁጥር ይመጣል። ይህ በሰከንድ የሚያልፈው የሜጋባይት መጠን ነው፤ ለ8 ስታካፍሉት ፍጥነቱን ይሰጣችኋል። 25600 ማለት 3200፣ 19200 ማለት 2400፤ በዲዲአር3 በኩል ፒሲ3-12800 ማለት 1600 ነው።

«1አርኤክስ8» የሚለውን ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ለርካሽ ራም ገዢ ግን ትልቅ ቁምነገር አለው። የመጀመሪያው ቁጥር ራሙ ስንት ረድፍ እንዳለው፣ የመጨረሻው ደግሞ እያንዳንዱ ቺፕ በአንዴ ስንት ቢት እንደሚያቀብል ይነግራል። ራሙ በአንዴ የሚያቀብለው 64 ቢት ነው። ስለዚህ ባለ 8 ቢት ቺፕ ከሆነ በአንድ ረድፍ 8 ቺፕ ይኖራል፤ ባለ 16 ቢት ከሆነ 4 ብቻ። አራት ቺፕ ያለው የ8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም ለአምራቹ ይረክሳል፣ ለእናንተ ግን ይዘገያል፤ በቺፑ ውስጥ ያሉት የባንክ ምድቦች (መረጃው ተከፋፍሎ የሚቀመጥባቸው ክፍሎች) ከ4 ወደ 2 ስለሚወርዱ ተከታታይ ጥያቄዎችን እያቀያየረ ማስተናገድ ያቅተዋል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ሁልጊዜ ስምንት ቺፕ ያለውን ምረጡ። ሽፋን የሌለው ራም አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ቺፑን ቆጥራችሁ ትገዛላችሁ።

ኪንግስተን ይህን በመለያ ቁጥሩ ውስጥ ስለሚጽፈው ሊመሰገን ይገባል። ኬቪአር32ኤን22ኤስ8 የሚለውን ከፋፍላችሁ አንብቡት፦ 32ቱ 3200 ነው፤ ኤን የዴስክቶፕ መሆኑን ይናገራል፤ 22 ሲኤሉ ነው፤ ኤስ ባለ አንድ ረድፍ፤ 8 ባለ 8 ቢት ቺፕ። መጨረሻው ኤስ6 ከሆነ ያ አራት ቺፕ ያለው ዘገምተኛው ነው። ዲ8 ከሆነ ባለ ሁለት ረድፍ ነው፤ በዲዲአር4 ከሁሉ የሚመረጠው ይኸኛው ነው፣ በሁለት ረድፍ መካከል መቀያየር ጥቂት ፍጥነት ስለሚጨምር። ሌሎቹ ኩባንያዎች በዚህ ረገድ ያን ያህል ግልጽ አይደሉም። ኮርሴር ሽፋኑ ላይ በትንሹ የሚጽፈው የ«ቨርዥን» ቁጥር ግን ይጠቅማል፤ በ3 ከጀመረ የማይክሮን ቺፕ፣ በ4 ከጀመረ የሳምሰንግ፣ በ5 ከጀመረ የሃይኒክስ ነው። አንድ ዓይነት የሞዴል ቁጥር ያላቸው ሁለት ራሞች በተለያየ ጊዜ ከተገዙ ቺፓቸው ሊለያይ ይችላል፤ ኤልፒኤክስ ለመጨመር የምትፈልጉ ከሆነ ይህን ቁጥር ከነበረው ጋር አመሳስሉ።

ያገለገለ ራም

ራም የሚያልቅ ክፍል የለውም። እንደ ሃርድ ዲስክ አይሽከረከርም፣ እንደ ኤስኤስዲ የመጻፍ ገደብ የለበትም፤ ከሙቀትና ከመጠን ካለፈ ቮልቴጅ ከተጠበቀ ብዙ ዓመት ይሠራል። ለዚህም ነው በቅናሽ ዋጋ ከሚገዙት ሁሉ አንደኛ የምናደርገው ከቢሮ ማሽን የተነቀለ የሳምሰንግ፣ የኤስኬ ሃይኒክስ ወይም የማይክሮን ራም የሚሆነው። በዓለም ላይ አብዛኛውን የራም ቺፕ የሚሠሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ራሳቸው የሚገጥሙት ራም በኮምፒውተር አምራቾች ተፈትኖ የገባ ነው፤ ሽፋን የለውም፣ ኤክስኤምፒም የለውም፣ የተጻፈው ፍጥነት ጄዴክ ፍጥነት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2025 ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ያገለገለው ይበልጥ አዋጭ ሆኗል። አምራቾቹ አቅማቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰርቨሮች ወደሚሆን ሜሞሪ ስላዞሩ የአዲስ ራም ዋጋ በእጅጉ ንሯል። ማይክሮንም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚል ስም ለሸማቹ ከሚያቀርበው ንግድ እንደሚወጣ አስታውቋል። ስለዚህ የክሩሻል ራም አዲስ ነው ተብሎ ሲቀርብላችሁ ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑንና ዋስትናውን ማን እንደሚያስተናግድ ጠይቁ።

ያገለገለ ሲገዛ የመለያ ቁጥሩ መጀመሪያ ብዙ ይናገራል። በሳምሰንግ ኤም378 የዴስክቶፕ፣ ኤም471 የላፕቶፕ፣ ኤም393 የሰርቨር ነው። በኤስኬ ሃይኒክስ ቁጥር መሀል ዩ6 ካለ የዴስክቶፕ፣ ኤስ6 የላፕቶፕ፣ አር7 የሰርቨር። የሰርቨር ራም በጅምላ ስለሚወጣ በጣም ይረክሳል፤ ወጥመዱም እዚህ ጋ ነው። የዲዲአር4 ሰርቨር ራም የጥርሱ ክፍተት ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ስለሆነ ጥርት ብሎ ይገባል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። በዓይን የሚለየው መሀሉ ላይ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ተጨማሪ ቺፕ ስላለውና ቺፖቹ በ8 ፈንታ በ9 እና በ18 የሚቆጠሩ ስለሆኑ ነው። ሻጩ «በሁሉም ይሠራል» ቢልም አትስሙት።

በዲዲአር3 ሌላ ወጥመድ አለ። «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚል የ8 ጊጋባይት ራም በሚያስገርም ቅናሽ ይሸጣል። ባለ 4 ቢት ቺፕ የተገጠመለት ስለሆነ የሚያነበው በቀድሞዎቹ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው የራም መቆጣጠሪያ ብቻ ነው፤ ኢንቴል ማሽን ላይ ወይ ይጮሃል ወይ ጨርሶ አይነሳም። ሻጮች አንዳንዴ ጽሑፉን አይነግሩም። ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ትውልድ ኢንቴል የሚሆነው የ8 ጊጋባይት ራም 16 ቺፕ ያለው፣ በወረቀቱም ላይ «2አርኤክስ8» የሚል ነው፤ የኤኤምዲውም 16 ቺፕ ስላለው መቁጠር ብቻ አይበቃም። በእነዚህ ትውልዶች ላይ በአንድ መሰኪያ ከ8 ጊጋባይት በላይ አይሄድም፤ እንደ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ያሉ ባለ አራት መሰኪያዎች 32 ይደርሳሉ፣ ባለ ሁለቶቹ 16 ላይ ይቆማሉ።

ስም የለሾቹን በተመለከተ አቋማችን አጭር ነው፦ ይቅሩ። የሚያምር ሽፋን ሥር ከአሮጌ ራም የተነቀለ ቺፕ፣ አንዳንዴም ላዩ ተፍቆ አዲስ ጽሑፍ የታተመበት ሊኖር ይችላል። ሲፒዩ-ዚ በተባለው ነፃ ፕሮግራም «ኤስፒዲ» የሚለውን ገጽ ስትከፍቱ የአምራቹ ስምና የመለያ ቁጥሩ ባዶ ከሆነ ወይም ከወረቀቱ ጋር ካልተስማማ ገንዘባችሁን ተመላሽ ጠይቁ። በተመሳሳይ ዋጋ ያገለገለ ሳምሰንግ እየተገኘ ይህን ዕጣ መጣል አያስፈልግም።

አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት ትንንሽ

አብዛኞቹ ዴስክቶፖች ራሙን በሁለት መስመር ያነባሉ። አንድ የ3200 ራም በሰከንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት ያቀብላል፤ ሁለት በየመስመራቸው ሲሰኩ 51.2። በጽሑፍና በሂሳብ ሥራ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ማሽን ግን ምስሉን የሚያወጣው ፕሮሰሰሩ የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ስለሆነ፣ ጌምና ቪዲዮ ላይ ጉልህ ለውጥ ይመጣል። 16 ለማድረግ ሁለት 8 መግዛት ከአንድ 16 የሚሻለው ለዚህ ነው። ሁለት መሰኪያ ብቻ ካላችሁና ወደፊት 32 እንደምትፈልጉ እርግጠኛ ከሆናችሁ ግን አንዱን 16 አሁን፣ ሌላውን በኋላ መግዛት ያስኬዳል።

የነበረውን 4 ጊጋባይት ሳትጥሉ 8 ብትጨምሩበትም ይሠራል። ኢንቴል መጀመሪያ 4ቱን ከ4 አጣምሮ በሁለት መስመር ያነባል፤ የተረፈውን 4 በአንድ መስመር። ፍጥነታቸው ከተለያየ ግን አንድ ቀንበር ሥር እንደገቡ በሬዎች ፈጣኑም በዘገምተኛው እርምጃ ይሄዳል፤ 3200ው ከ2133 ጋር ሲሆን ሁለቱም በ2133 ይሠራሉ።

በዲዲአር5 ነገሩ ይለወጣል። የ8 ጊጋባይቱ ዲዲአር5 አራት ባለ 16 ቢት ቺፕ ያለው በመሆኑ ሁለት 8 ከመግዛት፣ አቅም ከፈቀደ፣ ሁለት 16 መግዛት ይመረጣል። በኋላ እጨምራለሁ ብላችሁም አትተማመኑ፤ አራት መሰኪያ ሲሞላ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። የራይዘን 7000 መደበኛ ፍጥነት በሁለት ራም 5200 ሲሆን በአራት 3600 ነው። ዲዲአር5 ለሚወስድ ማሽን የምትፈልጉትን መጠን በአንድ ጊዜ፣ በጥንድ ግዙ።

መግጠምና መፈተን

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የኃይል ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ የማስነሻ ቁልፉን ለ5 ሰከንድ ያህል ተጫኑ፤ በውስጡ የቀረው ኃይል ይወጣል። ሳጥኑን በጎኑ አስተኙትና ያልተቀባውን ብረት ንኩ፤ ሰውነት ላይ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊጎዳ ይችላል። አራት መሰኪያ ያለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ ጀምሮ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ኤ2 እና ቢ2 ተብለው ይጻፋሉ። የቢሮ ማሽኖች ቁጥራቸው ሊለይ ስለሚችል ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈውን ሥዕል እዩ። መያዣዎቹን ወደ ውጭ ክፈቱ፤ ባንድ ወገን ብቻ የሚከፈት መያዣ ያላቸውም አሉ። ክፍተቱን ከመሰኪያው ጉብታ ጋር አስተካክላችሁ ሁለቱን ጫፎች በእኩል ተጫኑ። ቀጭ ብሎ መያዣው ራሱ መመለስ አለበት። የሚጠይቀው ጉልበት ጀማሪን ያስፈራል፤ ከ«አይነሳም» ቅሬታዎች ብዙዎቹ ግን አንዱ ጫፍ በግማሽ ከመግባቱ የመጡ ናቸው።

መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ጨልሞ ቢቆይ ቶሎ አታጥፉት። ማዘርቦርዱ አዲሱን ራም እየለካ ነው፤ በዲዲአር5 ይህ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ከዚያም ካልተነሳ አንዱን ራም ብቻ በሁለተኛው መሰኪያ ላይ ትታችሁ ሞክሩ፤ ቀጥሎ ሌላውን። የፒኖቹን ወርቅማ ጥርሶች በአይሶፕሮፒል አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ መሰኪያው ውስጥ ያለውን አቧራ አስወግዱ፣ የባዮሱን ቅንብር ወደ ነበረበት መልሱ። በአዳዲስ የዴል ማሽኖች መብራቱ ሁለት ጊዜ ብርቱካናማ፣ ሦስት ጊዜ ነጭ ብልጭ ካለ ራም አልተገኘም ማለት ነው፤ ሁለትና አምስት ከሆነ የማይስማማ ራም ተሰክቷል።

ተነስቶ የራሙ መጠን ጎድሎ ከታየ ታስክ ማናጀር ላይ «ሃርድዌር ሪዘርቭድ» የሚለውን ተመልከቱ። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ምንም አይደለም፤ ለግራፊክሱ የተያዘ ነው። ጊጋባይቶች ከሆነ ግን ወይ ራሙ በደንብ አልገባም፣ ወይ በሲስተም ኮንፊገሬሽን ውስጥ «ማክሲመም ሜሞሪ» የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል። አንድ ሙሉ መስመር ከጠፋና ራሞቹ ደህና ከሆኑ የፕሮሰሰሩ መሰኪያ ላይ የታጠፈ ፒን ወይም ያለ ልክ የጠበቀ ማቀዝቀዣ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በተለይ ማቀዝቀዣው በቅርቡ በተፈታ ማሽን ላይ ይታያል።

መነሳቱ ብቻ ራሙ ጤነኛ መሆኑን አያሳይም። የተበላሸ ራም ቀናት ቆይቶ በሰማያዊ ስክሪን፣ በሚዘጋ ብሮውዘር ወይም ሲገለበጥ በተበላሸ ፋይል ይገለጣል። ሜምቴስት86 ፕላስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ከእሱ አስነሱ፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር፣ ከተቻለ ሌሊቱን አራት ዙር ይሂድ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የራም መፈተሻ ቀለል ያለ ስለሆነ ደህና ነው ቢል አይበቃም። አንዲት ስህተት እንኳ ከታየች ራሙ ይመለሳል፤ «ትንሽ ስህተት» የሚባል ነገር ራም ላይ የለም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ፣ በአንድ መሰኪያ ላይ ፈትኑ፤ ሁሉም በዚያ መሰኪያ ላይ ከተሳሳቱ ጥፋቱ የመሰኪያው ነው። ስህተቱ ኤክስኤምፒ ሲጠፋ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ራሙ ወይም የፕሮሰሰሩ መቆጣጠሪያ ያንን ፍጥነት አልቻለም፤ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ፈትኑ፣ ራሙ አዲስ ከሆነ ግን በተጻፈበት ፍጥነት የመሥራት ግዴታ ስላለበት ቀይሩት።

ይህን ሁሉ መጨረስ ያለባችሁ ሻጩ ለመመለሻ በሰጣችሁ ጊዜ ውስጥ ነው። ኪንግስተንም ኮርሴርም ለአዲስ ራም ለዕድሜ ልክ የሚባል ዋስትና ይሰጣሉ፤ ደረሰኙንና ማሸጊያውን አስቀምጡ፣ ራሙ ላይ ያለውን ወረቀት አትላጡ፣ ሽፋኑንም አታንሱ። ያገለገለ ራም ግን ዋስትናው የሻጩ ቃል ብቻ ስለሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የወረቀቱን ፎቶ ከሁለቱም ወገን ጠይቁ፣ ስህተት ካሳየ እንደሚቀይርላችሁም በጽሑፍ አስጽፉ።